ከጉድጓዱ ሳይጠጣ የተመለሰው ባቡር

አንድ ባቡር ሠሪ ነበረ። መምህር ጌጤነህ፣ «በትምህርት ደካሞቹን ልጆች ባሰናብት የፈተናው ውጤት ከፍ ብሎ ትምህርት ቤቴ ከመዘጋት ይድናል፤ ላሰናብታቸው ወይ?» ብለህ ጠይቀኸኛልና ሳትቸኩል ስማኝ።

በዚያ ሰው ዘመን ባቡር የሚሄደው በእንፋሎት ነበር፤ ውኃ ካልጠጣ አይንቀሳቀስም። በቆላው አገር፣ ከአንድ ትልቅ ዳገት ወገብ ላይ፣ አንዲት ጣቢያ ነበረች። ያላት ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው። ባቡሩ ሲያፏጭ ውኃ ቀጂዎቹ የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን አንሥተው ገለል ይላሉ፤ ጠጥቶ ሲሄድ የተረፈውን፣ ያውም ከተረፈ፣ ይቀዳሉ። በድርቅ ጊዜ የሚተርፈው ጭቃ ነበር።

ሰውየው ይህን አይቶ፣ ውኃ የማይሻማ፣ በናፍጣ የሚሄድ ባቡር እሠራለሁ ብሎ ተነሣ። ጎልማሳ ሆኖ ጀመረ፤ ፀጉሩ ሸብቶ ጨረሰ። በሙከራው ቀን ሹማምንቱን አሳፍሮ ሲነሣ፣ እሳት ሳይነድበት ያ ሁሉ ብረት ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው አፉን በእጁ ያዘ። የሰው ልጅ ይህን መሥራት ቻለ ብሎ ያለቀሰም ነበር።

ዳገቱን ሲያጋምስ ግን ሞተሩ ጋለ። ማቀዝቀዣው ለዚያ አቀበት አንሶ ኖሯል። እዚያችው ጣቢያ ላይ ቆመ። ቀጂዎቹ ምን ያውቃሉ፣ ባቡር ያው ባቡር ነው ብለው፣ እንደ ልማዳቸው እንስራቸውን አንሥተው ከጉድጓዱ ራቁ።

ሹማምንቱ ውኃ እየተቀዳ ይፍሰስበትና አቀበቱን ይጨርስ፣ ካልወጣ ግን ሥራህ ዛሬ አከተመ አሉት። አልተሳሳቱም፤ ጉድጓዱን ቢያሟጥጥ ይወጣ ነበር። ሰውየው ባቡሩን አየ፤ ዳር የቆሙትን ሴቶች አየ። ከዚያ ወርዶ ወደ እነሱ ሄደ።

«ቅዱ» አላቸው። «ይህን የሠራሁት ውኃችሁን እንዳይወስድባችሁ ነው።»

ፍሬን እየያዘ ቁልቁለቱን የኋሊት ይዞት ወረደ። ያ ባቡር ዳግመኛ አልተነሣም፤ ቆሞ ዛገ። የዕድሜ ልክ ልፋቱን ለእንስራ ሸጠ ብለው የሳቁበት ብዙ ናቸው። እናቴ ግን ከቀጂዎቹ አንዷ ነበረች። ያን ቀን ባነሣች ቁጥር፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳለች ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «ባቡር ለሰው ተራ ሲለቅ አይቻለሁ» ትል ነበር፤ ስትሞትም ከአፏ አልጠፋም።

እንግዲህ ጌጤነህ፣ ባቡሩ ትምህርት ቤትህ ነው። አቀበቱ የዓመቱ ፈተና ነው። ገለል በሉ ልትላቸው ያሰብካቸው ልጆች ደግሞ እንስራ ይዘው ዳር የቆሙት ናቸው። ለእነሱ ብለህ የከፈትከውን በእነሱ ጥም ዳገት ብታስወጣው፣ ጫፍ ላይ የደረሰው ማን ነው? አይዘጋም ብዬ አልዋሽህም፤ ሊዘጋ ይችላል። አንተ ግን ነገ በሩን ስትከፍት፣ መጀመሪያ እነሱን አስገባ።