አንድ ግሳት፣ ብዙ ጆሮ

በዋንዛ ዱር አንበሳው የሚያዘው በአንድ ግሳት ብቻ ነበር። ሲያገሳ ጃርት ይቆፍራል፣ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ይወጣል፣ ጎሽ ተሰልፎ ይቆማል፣ ድኩላ ይሮጣል። ትእዛዙ ያው አንድ ድምፅ ነው፤ ምን እንደሚደረግ የሚያውቀው የእያንዳንዱ ጆሮ ነበር። ድንጋይ ጆሮ ስለሌለው ምንም አያደርግም፤ በዚህም እስካሁን አልተከሰሰም።

እንዲህ ያለውን አገር መግዛት አያደክምም። አፈ ንጉሡ ጅብ ግን ታዛዥነት እንዲበረታ ብሎ ግሳቱን በቀን ሠላሳ ጊዜ አስደረገው። በሁለተኛው ዓመት ጆሮዎች ወደ ውስጥ ታጠፉ። ማንም አላመፀም፤ የሚነሣም ግን ጠፋ። ነብር በገባ ቀን አንበሳው ቢያገሳም ሁሉም እንደተኛ ነበር፤ ነብሩ የእመት ድኩላን የበኩር ልጅ ይዞ ሄደ። እሷም አላለቀሰችም። ማልቀስ እንዳለባት ግን ታውቅ ነበር።

በሸንጎው ጅቡ፣ «ግሳቱ ይጨመር» አለ።

ጃርት ተነሣ። «አፈ ንጉሥ፣ ጆሯችን የታጠፈው ስለበዛበት ነው። ይቀነስ።»

«ተቀንሶ ማን ይሰማል?»

«ተጨምሮስ ማን ሰማ?»

እመት ድኩላ የቀረቻትን ልጇን አስከትላ ቆመች። «ጌታዬ፣ አንድ ክረምት ዝም ይበሉልን። ይቺን የወለድኳት በጩኸቱ መካከል ነው። ሩጫ ሳታውቅ ነብር እንዳይበላብኝ።»

አንበሳው ጉሮሮው ቆስሎ ነበርና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ይህም ቸርነት ተብሎ ተመሰገነበት።

ክረምቱ በዝምታ አለፈ፤ ጆሮዎች ቀስ በቀስ ቆሙ። በመስከረም አንበሳው አንዴ ሲያገሳ ጃርት ቆፈረ፣ ጉሬዛ ወጣ፣ ጎሽ ተሰለፈ። እመት ድኩላም ሮጠች። ልጇ እንዳልተከተለቻት ያወቀችው ወንዙን ከተሻገረች በኋላ ነው። ልትመለስ ፈለገች፤ እግሯ ግን መሮጡን አላቆመም።

ግልገሏ ከሜዳው መካከል ቆማ አንበሳውን ታየው ነበር። ድምፁ ደርሷታል፤ የሚቀበለው ነገር ግን ጆሮዋ ውስጥ አልበቀለም።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለችው።

«ሩጪ ማለታቸው ነው» አለ ጅቡ።

«ለጃርትስ?»

«ቆፍር።»

«ያገሱት እኮ አንዴ ነው።»

ጅቡ ወደ ጌታው ዞረ። ከነገሠ ጀምሮ ምን ማለቱ እንደሆነ አንበሳውን የጠየቀው አልነበረም፤ እሱም ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ጃርት እጁ አፈሩን እየዛቀ አንገቱን ብቻ አዙሮ አየ። ጎሾቹ ከሰልፋቸው ሳይወጡ አዩ።

አንበሳው ተነሥቶ ወደ ግልገሏ መጣ። እሷም መልስ ሊሰጣት መስሏት ባለችበት ጠበቀችው።