ዐጸዱን የበላው ግንብ

አንድ ጡብ ሠሪ ነበረ። ቁጭ በልና ስማኝ፣ አስናቀ፤ ጥያቄህን ሰምቼዋለሁ። «ጎረቤቱ በጭስህ በሳል አለቅን፣ እቶንህን ቀይር እያለ መቆሚያ ነሣኝ። እቶኑን በመቀየር ፈንታ በራሴ ጡብ ለመንደሩ ክሊኒክ ብሠራላቸው አይበቃም ወይ?» ነው ያልኸኝ። እንግዲህ የምመልስልህ በዚህ ሰው ነው።

ይህ ሰው ብዙ ጡብ ያቃጥል ነበር። ማገዶውን ከጋራው ያስቆርጣል፤ አንዱ ጋራ ሲራቆት ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ሙያውን የሚያውቁ ሰዎች መክረውታል። «ሰጋቱራና ገለባ ከጭቃው ጋር አብረህ አቡካ፤ ጡቡ ከውስጥም ይነድልሃል። የእቶንህንም ስንጥቅ ድፈን፤ እሳትህ ለሰማይ ነው የሚነደው። የምትፈጀው እንጨት በግማሽ ይቀንሳል» አሉት። እሱ ግን «አባቴ እንዲህ አላደረገም» አለ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም።

አንዲት ትንሽ ልጅ ነበረችው። ከጭሱ የተነሣ ደረቷ ታፍኖ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ይዟት ወደ ደብሩ ጸበል ሄደ። ደብሩ ዙሪያውን ዐጸድ ነበረው፤ ያረጀ ዝግባ፣ ወይራ፣ ጥድ። ልጅቷ ጸበሉን እየተጠመቀች ከዝግባው ጥላ ሥር ሰነበተች። ከጭሱ ርቃ ንጹሕ አየር እየሳበች ዳነች። አባትየው ከደስታው ብዛት ተሳለ፤ «ፍየል እየገባ ቡቃያውን እንዳይበላ ዐጸዱን በጡብ ግንብ አጥራለሁ» አለ።

መልካም ስለት ነው። ግን ግንቡ ብዙ ጡብ ይፈልጋል፤ ጡቡ ማገዶ ይፈልጋል፤ ጋራው ደግሞ ባዶ ነው። በዚያ አገር የዐጸድ ዛፍ አይቆረጥም፤ ወድቆ የተገኘ እንጨት እንኳ ከደብሩ ሥራ ውጭ ለሌላ አይውልም። ሰውየው ይህንኑ ሕግ ይዞ ወደ ካህናቱ ገባ።

«ግንቡ የማን ነው? የደብሩ ነው። እንግዲህ እንጨቱ ለደብሩ ሥራ ዋለ ማለት አይደለም?» አላቸው።

ካህናቱም እርስ በርስ ተያይተው ዝም አሉ። ያ ዝምታቸው እስከ ዛሬ ያበግነኛል! ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንዱ «ተው!» ቢለው ምን ነበረበት?

መጥረቢያ ገባ። ወይራው ሄደ፤ ጥዱ ተከተለው፤ በመጨረሻ ዝግባውም በደብሩ ደጃፍ ከሠራው እቶን ገባ። ጭሱ ጸበልተኛውን በተነው። ግንቡ ግን አማረ። በተመረቀ ዕለት እልል ተባለ፤ ሰውየውም ካባ ተደረበለት። ፍየሎቹ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ እንኳ አልገቡም፤ ገብተው ምን ሊበሉ!

ብዙም ሳይቆይ የልጅቷ ሕመም እንደ ገና ተነሣባት። አባቷ አዝሏት ወደ ደብሩ መጣና በግንቡ በር ገባ። ውስጡ ጉቶ ብቻ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከጀርባው አወረዳት።

«አባባ፣ የት ልተኛ?» አለችው።

ሰውየው ዙሪያውን አየ። ቀትር ስለ ነበር የግንቡ ጥላ እንኳ ሕፃን አያስጠጋም።

አስናቀ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። አትቆጣ፤ መቆጣት ያለብኝ እኔ ነኝ። እሱ ለዛፍ አጥር እሠራለሁ ብሎ ዛፉን አነደደው፤ አንተ ደግሞ የሳል መታከሚያ እሠራለሁ ብለህ በየቤቱ ሳል ልታስገባ ነው። ሰውን አሳምሞ አልጋ መስጠት ደግነት ይባላል እንዴ? እግዚአብሔርስ በጡብ የሚደለል ይመስልሃል? ሂድ፤ ገለባውን ከጭቃህ ጋር አቡካ፣ የእቶንህን ስንጥቅ ድፈን፣ የጎረቤትህ ልጆች ይተንፍሱ። ክሊኒኩን ከዚያ በኋላ ትሠራዋለህ፤ በሽተኛ ካገኘህ።