ወጥመድ ውስጥ ያደረችው ጅግራ

ተረት ተረት።

፦ የላም በረት።

ዛሬስ ላም የለችም፤ የጅግራ በረት በሉኝ። አዎ፣ እንዲያ። ጠጋ በሉና ስሙ።

በድሮ ዘመን አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ስንሻው ወጥመድ አጥማጅ ነው። ታላቅ ወንድሟ ደምለው ደግሞ ከወንዝ ማዶ ይኖራል። ባልና ወንድም በእርሻ ወሰን ተጣሉና ሦስት ዓመት ሙሉ አንዱ የአንዱን ደጅ ሳይረግጥ ቀረ። አንጓች መሐል ሆና አለቀሰች። ሽማግሌ ላከች፣ ለመነች። በመጨረሻ ደምለው እሺ አለ። ማክሰኞ መጥቶ ከስንሻው ጋር ገበታ ሊቀርብ ነው። ከበላ ታረቀ ማለት ነው። ሳይበላ ከተነሣ ግን ከእንግዲህ እህት የለኝም ብሏል።

ማክሰኞ ስንሻው ማልዶ ወጥመዱን ሊያይ ቆላ ወረደና ሁለት ጅግራ ይዞ መጣ። አንጓችም ደስ እያላት እሳት አነደደች፣ ከእርጥብ እንጨት የመጥበሻ ርብራብ ሠራች፣ ከዚያም ላባቸውን ትነጭ ጀመር። ያንዲቱ አንገት ደም በደም ነው። የሁለተኛይቱ ግን ተቆርጧል እንጂ ጠብታ ደም የለበትም። ልጆቼ፣ ክው አለች። ላባውን እንደያዘች ቀረች። ጅግራዋ ወጥመድ ውስጥ ሞታ ያደረች በክት ናት። ስንሻው የባረካት ከሞተች በኋላ ነው።

ባሏን ጠርታ ጠየቀችው። እሱም አንገቱን ደፋና፣ እንግዳ ብቻውን አይበላም፣ ባንዲት ጅግራ ልቀበለው ደግሞ አፈርኩ፣ ደህናይቱ የሱ ናት፣ በክቷን እኔ እበላታለሁ አላት። ይሄኔ ይባስ ደነገጠች። ክርስቲያን ሰው እያወቀ በክት ሊበላ ነው። አፏን ሳትከፍት ደምለው ከደጅ ደረሰ።

ምን ታድርግ? በፍሙ ላይ ጠበሰችና አቀረበች። ደህናይቱን ከወንድሟ ፊት፣ ያችን ከባሏ ፊት አደረገች። ቅባቱ ይንጠባጠባል፣ ሽታው ያውዳል።

ደምለው የስንሻውን መክሳት አየና ሆዱ ባባ። ከታረቅን አይቀር ካንተ ድርሻ ልቅመስ ብሎ ከስንሻው ጅግራ ቦጨቀ። ወደ አፉ ሲያደርስ አንጓች የታላቅ ወንድሟን እጅ መታችው። ሥጋው አመድ ላይ ወደቀ። ደምለው ዱላውን ጨብጦ ተነሣ።

፦ ወንድም ዓለም፣ በክት ናት፤ አለች።

ደምለው ወደ ስንሻው ዞረ።

፦ በክት ልታበላኝ ነው የጠራኸኝ?

፦ የኔ ድርሻ ነበረች፤ አለ ስንሻው። አንተ ብቻዬን አልበላም ብለህ እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው።

ደምለው ይህን ሰማ። ሦስት ዓመት የጠላው ሰው ከሱ ጋር ለመታረቅ ብሎ በክት ሊውጥ ተቀምጧል። ዱላው ከእጁ ወደቀ። ከዚያም ቁጭ አለና ደህናይቱን ጅግራ ለሁለት ገነጠላት። ከትልቁ ግማሽ ቆርሶ ስንሻውን አጎረሰው።

፦ ነገ ወሰኑን አንተው ትከለው። የት እንደተከልኸው እኔ መጥቼ አላይም፤ አለው።

ስንሻውም በተራው ደምለውን አጎረሰው። አንጓችም ወንድሟን የመታችበትን እጇን ጉያዋ ውስጥ ሸሽጋ አለቀሰች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በጥብስ አብሱ። ጥብስ ከሌለ ዳቦም ይሁን፣ አልጣላችሁም።