በድልድዩ መካከል የተቀመጠው ቀፎ

በአንድ ወቅት፣ ሰው ባለበት ተቀምጦ ድንበር በሚመላለስበት ዘመን፣ ቡኮቪና በሚባል አገር ቴየኒ የምትባል መንደር ነበረች። በመካከሏ አንዲት ትንሽ ወንዝ ታልፋለች፤ ሱሪውን ሰብሰብ ያደረገ ሰው ሁሉ የሚሻገራት። ከወንዟ ወዲህና ወዲያ ቴይ የሚሏቸው ትልልቅ ዛፎች ነበሩ፤ አበባቸው ሲፈነዳ የመንደሩ ንብ ሁሉ እዚያው ይከትማል። በመንደሯ ሮማንያዊ፣ ዩክሬናዊ፣ ጀርመንና አይሁድ ተቀላቅለው ይኖሩ ነበር። ክርስቲያኖቹ እንኳ ገናን የሚያከብሩት በተለያየ ቀን ነው። እኛ በዚህ የምንገረም ሰዎች አይደለንም።

በብዙ ነገር አይስማሙም፤ በአንድ ሕግ ግን ሁሉም ተስማምተዋል። የንብ መንጋ ከቀፎው ተነሥቶ ሲኮበልል፣ ባለቤቱ ዓይኑን ሳይነቅል ከተከተለው፣ በማንም አጥር ግቢ ይረፍ የሱ ነው። ለአፍታ ዞር ብሎ ሌላ ነገር ካየ ግን መብቱ አለቀ፤ እስኪያርፍ ድረስ ዓይኑን ሳይነቅል የተከተለ ሌላ ሰው ይወስደዋል። ይህን ሕግ የጻፈው የለም። ማንም ያልሰረዘውም ለዚህ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ አገሩን ይገዛ የነበረው የኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ፈረሰና ቡኮቪና ከሮማንያ ጋር ተዋሐደች። በስተደቡብ በኩል ባለው ዳርቻ የሚኖረው ሮማንያዊ ገበሬ ቶአደር ያን ቀን ከደስታው ብዛት አለቀሰ፤ ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ሲወረውር ወንዝ ውስጥ ገባበት። ዩክሬናውያኑ ደግሞ በራቸውን ዘግተው ዋሉ። ባርኔጣውን ከወንዝ አውጥቶ የሰጠው አይሁዳዊው ጎረቤቱ ሄርሽ ነው፤ የመንደሩ ንብ አናቢ። ሄርሽ በማግሥቱ አዲሱን የመንግሥት ቋንቋ መማር ጀመረ፤ ንቦቹ ግን ምንም አዲስ ነገር አልተማሩም።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ሶቪየቶች መጥተው ቡኮቪናን ለሁለት ከፈሏት፤ መስመሩም በዚያችው ወንዝ ላይ አረፈ። የሳበው ሰው ወንዟን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፣ እምላለሁ። በዓመቱ የሮማንያ ጦር ተመልሶ መስመሩን አጠፋ። በዚያው ዓመት መጸው ግን አይሁዶች ሁሉ ከቤታቸው እንዲወጡ ከዚያው ከሮማንያ መንግሥት ትእዛዝ መጣ። የሄርሽ ቤተሰብ አምስት ነበር፤ ባልና ሚስት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና ሴቷ ልጃቸው ፔርል። ከድኒስተር ወንዝ ማዶ በእግር ሊነዷቸው ሲያሰልፏቸው ፔርል በቶአደር ደጃፍ ቆም አለች።

«ባዴ ቶአደር፣ ንቦቹን አደራ» አለችው። ባዴ በነሱ ዘንድ ጋሼ እንደማለት ነው።

ቶአደር በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ቃል አልወጣውም፤ መውጣት ነበረበት፣ እሱም በኋላ ይህን አልካደም። ፔርል መንገዱ እስኪታጠፍ ድረስ ቀፎውን እያየች ወደ ኋላዋ ተራመደች።

እንግዲህ ቶአደር ያደረገውን ስሙ። ሦስት ክረምት ቀፎውን በገለባ እየሸፈነ ከብርድ ጠበቀ። ስኳር ከገበያ ሲጠፋ በቤቱ የቀረችውን በጥብጦ ለንቡ አጠጣ፤ ሚስቱ ምን ነክቶህ ነው ብትለው ማማሰሉን ቀጠለ። በሦስተኛው ክረምት ማግሥት ጦርነቱ ተመለሰ፤ ሶቪየቶችም መጡ፤ መስመሩም አብሯቸው መጣ። መንደሯ በመድፍ ጭስ ስትታፈን የሄርሽ ንብ አንዲት ሳትቀር ተነሥታ ወደ ሰሜን በረረች። ቶአደር አንጋጦ እያየ በጎመኑ መካከል ሮጠ፤ ወደቀ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ተነሣ። ወንዙ ዳር ሲደርስ ወታደር ጮኸበትና ጠመንጃ ደገነበት። ቶአደር ጠመንጃውን አየ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየው፤ ቀና ሲል ግን ንቡ የለም።

ከወንዙ ማዶ ሃፊያ የምትባል ዩክሬናዊት ነበረች፤ ባሏን ጦርነት የበላባት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች የምታሳድግ። ንቡ ከሄርሽ ግቢ ተነሥቶ በራሷ ላይ ሲያልፍ የያዘችውን ባልዲ ጥላ ተከተለችው። ወታደሮቹ ሰው እንዳይረግጠው በከለከሉት የወንዝ ዳር መሬት ላይ፣ በአጥር እንጨት አናት አረፈ። ሃፊያ ሻሿን ፈታ ገባች፤ ንቡን በሻሿ ጠቅልላ ወጣች። አርባ ቀን አሰሯት። ስትፈታ ንቡን ጎረቤት ተቀብሎ ባስገባበት የብድር ቀፎ ውስጥ በርትቶ አገኘችው። ከዚያ በኋላ ክፉ ጊዜ መጣ፤ ልጆቿን ያተረፈችው ማሩን በዱቄት እየለወጠች ነው።

ፔርል ከአምስቱ ብቻዋን ተመለሰች። ከድኒስተር በእግሯ መጥታ የመንደሯ ወንዝ ዳር ስትደርስ መስመሩ አቆማት፤ የአባቷ ቤት ጣራ ከማዶ ይታያታል፣ መሻገር ግን የለም። ወስዳ ያስጠጋቻት ሃፊያ ናት። በመጀመሪያው ቀን ሾርባ አቀረበችላትና፣ ሳትጠየቅ፣ ያ ንብ የአባትሽ ነው አለቻት። መደበቅ ትችል ነበር፤ ማን ያውቅባት ነበር? ፔርል ቀፎውን አቅፋ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ክረምቱን ሁሉ ሁለቱ ሴቶች አብረው ጠበቁት፤ ስለ ባለቤትነቱ ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

በጸደይ አዲስ ትእዛዝ ወጣ፤ ቀድሞ የሮማንያ ዜጋ የነበረ ሊሻገር ይችላል፣ ከተሻገረ ግን መመለስ የለም። በቴየኒ በወንዟ ላይ ያለው የሳንቃ ድልድይ የሚከፈተው ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው። ፔርል ስሟን አስጻፈች። በአባቷ ቤት ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ ከዚያ አልፋ ወደ ባሕሩ፣ በመርከብም ወደ ሩቅ አገር ልትሄድ ነው። ቀፎውን ይዤ ልሂድ አለች። ሃፊያ መወሰን አቃታትና ቀፎውን ራሷ ተሸክማ ድልድዩ መካከል አስቀመጠችው።

ቶአደርም ወሬውን ሰምቶ ከወዲያ መጣ። የሄርሽ ቀፎ የነበረበትን ቦታ ጠርጎ፣ መቀመጫውን አዲስ ሳንቃ ሠርቶለት ነበር። ፔርልን ሲያያት ባርኔጣውን አወለቀ።

«አደራ በልቼ አልሞትም» አለ። «ንቡ በባቡርና በመርከብ ይሞታል። ሄርሽ ባስቀመጠበት፣ በሚያውቀው ዛፍ ሥር ልጠብቀው። ያን ቀን ዝም ያልኩትን ሌላ በምን ልካስሽ?»

ሃፊያ ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «እኔ ዓይኔን አልነቀልኩም» አለች። «አርባ ቀን ታሰርኩበት። ልጄ፣ ያለሱ የሚመጣውን ክረምት እነዚህ አይዘልቁትም።»

«ከአምስታችን የቀረነው እኔና እሱ ነን» አለች ፔርል። «ወደ ኋላዬ እየተራመድኩ ስሄድ የት አየሁ? ያን ቀን የነዱን ናቸው ዓይኔን በግድ ያዞሩት።»

ለሁለት ይከፈል የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ በየቦታው አንድ ብልህ አይጠፋም። አውራዋ አንድ ናት፣ ንቡም ከክረምት የወጣ ጥቂት ነው፤ ከተከፈለ ሁለቱም ይሞታል። ማሩን ይካፈሉ የምትሉም ተዉ፤ ድልድዩ ዳግመኛ አይከፈትም።

እኔ ራሴ ይህን ታሪክ ስናገር አንድ ቀን ለአንዱ፣ ሌላ ቀን ለሌላው እፈርዳለሁ፤ ከዚያ እንቅልፍ ይነሣኛል። በወዲህ በኩል ያለው ወታደር ሰዓቱን ያያል፣ በወዲያ ያለውም ያያል። የቀፎው አፍ በእርጥብ ሣር ተደፍኗል፤ ንቡ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፣ የድልድዩ ሳንቃ በእግራቸው ሥር ይነዝራል። ሦስቱም ዓይናቸውን ከቀፎው አልነቀሉም። የቀረው ጥቂት ደቂቃ ነው።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ፤ ቀፎውን ማን ያንሣው?