ገመድ ጣዩና ከደመና በላይ ያለው ሐይቅ

አንድ ገመድ ጣይ ነበረ፤ ስሙ ቀጸላ ይባላል። ሥራው መሬትና መንገድ በገመድ እየለካ ልኩን መናገር ነው። በሚኖርባት ከተማ ጎረቤት ከጎረቤት በድንበር ሲጣላ የሚጠራው እሱ ነበር፤ እሱ ከለካ በኋላ አፉን የሚከፍት ሰው አልነበረም። ቀጸላ ግምት የሚባል ነገር አይወድም። «ትንሽ ራቅ ይላል»፣ «እዚያ ግድም ነው» የሚል ሰው ሲሰማ ጥርሱን ያመው ነበር ይባላል።

ሚስቱ እቴነሽ ግን የህልም ሰው ናት። እናቷ ከተራሮቹ ራስ የመጣች ነበረችና፣ እዚያ ከደመና በላይ ስላለ አንድ ሐይቅ እያወራች አሳደገቻት። ማለዳ ላይ ሐይቁና ሰማዩ አንድ ይሆናሉ፤ ወፎቹ ይዋኙ ይብረሩ አይለይም ትላት ነበር። እቴነሽ ሐይቁን በዓይኗ አይታው አታውቅም፤ በህልሟ ግን ወደዚያ ትሄዳለች። ህልሙ ሁልጊዜ አንድ ነው። መንገድ ላይ ናት፤ ጉም ነው፤ ውሃ ውሃ ይሸታታል፤ አንዲት ጉብታ ብቻ ቀርታለች። ጉብታዋን ሳትወጣ ትነቃለች። በተጋቡ ሰሞን ይህን ስትነግረው ቀጸላ «ሐይቁንማ እኔ አሳይሻለሁ» አላት። ቃሉን የሰጣት ከልቡ ነበር።

ኑሮ ነውና ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። አንድ ቀን እቴነሽ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃታት። የዓይን መድኃኒት የሚያውቁ አንዲት ባልቴት ዓይኗን ካዩ በኋላ ቀጸላን ወደ ጓሮ ጠሩት።

«ልጄ፣ ሞራ እየሸፈነው ነው። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት የለኝም» አሉት። «ማየት የምትመኘው ነገር ካለ፣ ሳትውል ሳታድር አሳያት።»

ቀጸላ ያን ቀን አለቀሰ። በማግስቱ እንባውን ጠርጎ ብራና ዘረጋ። መሄዱንማ ይሄዳሉ፤ ግን እንዲያው ዘው ተብሎ ይኬዳል እንዴ! አንድ ጊዜ ብቻ የምታየው መንገድ ከሆነ፣ ከከተማው እስከ ሐይቁ ካለው ውበት አንድም ሊያመልጣት አይገባም። ፏፏቴው ቀስተ ደመና የሚያወጣው ፀሐይ የት ስትደርስ ነው? አደይ አበባ የትኛውን ሜዳ በየትኛው ሳምንት ያለብሰዋል? ገደሉን ቁልቁል ለማየት የሚመቸው የትኛው ድንጋይ ነው? ሁሉም ተለክቶ ብራናው ላይ መስፈር አለበት። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አላትና ገመዱን ተሸክሞ ብቻውን ወጣ።

ችካል እየተከለ በገመዱ ይለካል፤ አንድ ገመድ በጨረሰ ቁጥር አንዲት ጠጠር ከአንዱ ከረጢት ወደ ሌላው ያዛውራል። ያስቸገረው የአገሩ ሰላምታ ነበር። መንገደኛ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። እንደምን ዋልክ፣ ቤት ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ በእናንተ በኩል ዝናቡ እንዴት ነው? «እግዚአብሔር ይመስገን» ሲል ሲል፣ ጠጠሯን ያዛውራት አያዛውራት ይጠፋዋል። ከተጠራጠረ ደግሞ ወደ ከተማው በር ተመልሶ ከአንድ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ።

ከሰላምታው የባሰው ግን መልሳቸው ነበር። «ሐይቁ ከዚህ ስንት ይርቃል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አራሹ በሬዎቹን አቁሞ በአገጩ ወደ ተራራው እያመለከተ «ቅርብ ነው፤ ይቺን ጋራ ብቻ ነው!» ይለዋል። ጋራውን ሲወጣ ሌላ ጋራ ይጠብቀዋል። እዚያ ደግሞ ውሃ የምትቀዳ ሴት «ምን ቀረህ፣ ደርሰሃል እኮ!» ትለዋለች። ግማሽ ቀን ሄዶ ሌላውን ሲጠይቅ አሁንም ቅርብ ነው። ከመጨረሻው ዳገት ሥር ባለችው መንደር አያ ደምለው የሚባሉ ሽማግሌ አጥራቸውን ሲያጥሩ አገኛቸው። እሳቸውም ቅርብ ነው ሲሉት ቱግ አለ።

«አባቴ፣ ሰው ሁሉ ከከተማ ከወጣሁ ጀምሮ ቅርብ ነው ይለኛል። በዚህ ዕድሜዎ መዋሸት ነውር አይደለም?»

አያ ደምለው አልተቆጡም። «ሩቅ ነው ብልህ ኖሮ ትመለስ ነበር?» አሉት።

«አልመለስም!»

«ታዲያ ምን በደልኩህ ልጄ?»

ቀጸላ ብራናውን አውጥቶ «የዚህ አገር ሰው ርቀት አያውቅም» ብሎ ጻፈ። ክረምቱም ገብቶ ነበርና የመጨረሻውን ዳገት ሳይለካ፣ ሐይቁንም ሳያይ ተመለሰ።

እቴነሽ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችው። «እንሂድ?» አለችው።

«ዘንድሮ ዳገቱ ቀረኝ። ከርሞ» አላት።

ከርሞ መጣ። የጎርፍ ውሃ አንዱን መሻገሪያ ስለወሰደው ቀጸላ ከወንዙ ወዲያ ያለውን ሁሉ እንደገና ለካ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ብራናው ተሰረዘ ተደለዘና በንጹሕ መገልበጥ ነበረበት። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። በየመስመሩ የሚጽፈው ለእሷ ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አላት አንድ ቀን።

«እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ የኔ ዓይን ይቆየኛል ብለህ ነው?» አለችው። እየሳቀች ስለተናገረች እሱም ሳቀና ወደ ብራናው ተመለሰ።

በሦስተኛው ዓመት መስከረም ላይ እቴነሽ እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳሰሰችው። «ቀጸላ፣ መልክህ ጉም ሆነብኝ» አለች። በዚያው ሳምንት ተነሡ።

እሷ በበቅሎ ላይ፣ እሱ ፊት ፊት ብራናውን ይዞ ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ቀን እቴነሽ ድንገት «ቢጫ ነገር ይታየኛል! አደይ ነው?» አለች። ቀጸላ ቀና ሳይል «ገና ነው፤ የአደዩ ሜዳ ሰባ ገመድ ይቀረዋል» አላት። መንገዱ ዳር ግን አደዩ ግጥም ብሎ ፈክቶ ነበር። ሰባው ገመድ ሲያልቅ ሜዳው ታርሶ አገኙት። በሁለተኛው ቀን ፏፏቴው ጋር በተባለችው ሰዓት ደረሱ፤ ደመና ስለነበረ ቀስተ ደመናው አልወጣም። እቴነሽ «ድምፁ ደስ ይላል» አለችው፤ እሱ ግን ደመናውን እየተራገመ ስለነበር አልሰማትም። በሦስተኛው ቀን የገደሉ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት። ብዙ ከቆየች በኋላ «ነጭ ብቻ ነው» አለች። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ፊቷ ላይ እያበራች «ቀጸላ፣ አልነጋም እንዴ?» ብላ ጠየቀችው። ቀጸላ በሕይወቱ እንደዚያች ጥያቄ የከበደው ነገር አልነበረም።

ከመጨረሻው ዳገት ሥር ካለችው መንደር ሲደርሱ በቅሎዋን ትተው በእግር ጀመሩ። ዳገቱ ጠባብ ነው፤ ድንጋያማ ነው። እኩሌታው ላይ እቴነሽ አንድ ድንጋይ ዳብሳ ተቀመጠች።

«ስንት ቀረን?» አለች።

ቀጸላ ብራናውን ዘረጋ። ከመንደሯ በላይ ያለው ባዶ ነበር። «አላውቅም» አለ።

«እንግዲያ እንመለስ። የመጣነው ለማየት ነበር፤ አሁን ወጥቼ ምን አደርጋለሁ? እግሬም በቃኝ ብሏል።»

ቀጸላ ልቡ ተሰበረ። አሁን ከተመለሱ ያቺ ጉብታ ዕድሜ ልኳን ሳትወጣት እንደምትቀር ገባው። ብራናውን ይዞ ቆሞ ሳለ፣ አያ ደምለው የሣር ሸክም ይዘው ከላይ ወረዱ። ሰላምታው እንደ አገሩ ደንብ እስከ ከብቱ ድረስ ከተዳረሰ በኋላ እቴነሽ «አባቴ፣ ሐይቁ ስንት ቀረን?» አለቻቸው።

ሽማግሌው ዓይኗን አዩ፤ ከዚያ ቀጸላን አዩት። «ቅርብ ነው ልጄ! ደርሰሻል እኮ!» አሏት።

ቀጸላ አመሉ ነውና ሊከራከር አፉን ከፈተ። እቴነሽ ግን ቀሚሷን እያራገፈች ተነሥታ ነበር። ሲያያት አፉን ዘጋ። ሰዎቹ ለካ እነዚያን ሁሉ ዓመታት ርቀት ሲነግሩት አልነበረም፤ ጉልበት ሲያቀብሉት ነበር። የሦስት ዓመት ብራናውን ጠቅልሎ ለሽማግሌው ሰጣቸው። «ምን ላድርገው?» አሉት። «ለእንስራዎ ክዳን ይሆናል» አላቸው። ያንን ድንበር ሲለይ የኖረ ገመድ ፈትቶ አንዱን ጫፍ በሚስቱ ወገብ፣ ሌላውን በራሱ ወገብ አሰረና መንገድ ጀመሩ።

አሁን የሚያነበው ስላልነበረው ቀና ብሎ አየ፤ ያየውንም ነገራት። «በግራሽ በኩል ጅብራ የሚሉት ረጅም ተክል ቆሟል፤ ቆብ እንዳደረገ መነኩሴ ነው። እዚህ ድንጋዩ ላይ የበቀለው ሽበት የመሰለ ነው፣ ንኪው። ጉሙ ከሥራችን ቀረ፤ እኛ ከላዩ ነን።» እቴነሽ ሳቀች። በየመሐሉ «ስንት ቀረን?» ትለዋለች፤ እሱም «ቅርብ ነው» ይላታል። በዕድሜው ሳይለካ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ጥርሱንም አላመመው።

ከዚያ እቴነሽ ድንገት ቆመች። ውሃ ውሃ ይሸት ነበር።

«ይቺ ጉብታ ናት፤ አውቃታለሁ» አለች። «እዚህ ስደርስ ነው ሁልጊዜ የምነቃው።»

«ዛሬ አትነቂም» አላትና እጇን ይዞ አወጣት።

እግሮቿን ውሃው ውስጥ አስገብታ ተቀመጠች። «ንገረኝ» አለች። ቀጸላ አየ፤ የሚለካበት ነገር አጣ። «እቴነሽ፣ ሰማዩ ወርዷል» አለ። «ወፎቹስ?» አለችው። «ይዋኙ ይብረሩ አልለየኝም።» እቴነሽ «እናቴ አልዋሸችም» ብላ አለቀሰች። ያን ጊዜ ቀጸላም መቻል አቃተው።

«ሦስት ዓመት ቀድመን ብንመጣ በዓይንሽ ታዪው ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኩሽ። ይቅር በይኝ።»

እቴነሽ እውነቱን አልደበቀችውም። «በዓይኔ ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አለች። እጁን ፈልጋ ያዘችው። «አሁን ግን ዝም አትበል፤ እያየሁ ነው፣ አታቋርጠኝ።»

ቀጸላ ወደ ከተማው ከተመለሰ በኋላም ድንበር መለካቱን አልተወም። ሥራው ነውና እንደ ድሮው ቅንጣት አያዛንፍም ነበር። ወደ ተራሮቹ የሚሄድ መንገደኛ መጥቶ «ሐይቁ ስንት ይርቃል?» ሲለው ግን የሚመልሰው አንድ ብቻ ነበር፤ «ቅርብ ነው፤ ዛሬ ከተነሣህ።»

ወዳጄ፣ ማቀድ ክፉ አይደለም፤ ሳያስብ የሚሄድ ሰውም ገደል ይገባል። ነገር ግን የምንወደው ሰው ዓይን ብራናችን እስኪሞላ ቆሞ አይጠብቅም። ለደከመ ሰውም ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የመንገዱ ልክ ሳይሆን አብሮት የሚሄድ ሰው ነው። እርስዎስ «ከርሞ» ብለው ያቆዩት መንገድ የትኛው ነው? ደጃፍ ላይ ቆሞ «እንሂድ?» የሚልዎትስ ማን ነው?