ትልነቷን የካደችው ቢራቢሮ

ጠጋ በሉ ልጆች፤ ስለ አንዲት ኩራተኛ ላውራችሁ።

በድሮ ዘመን ክንፏ ያማረ፣ ልቧ ያበጠ፣ ጭንቅላቷ ባዶ የሆነ አንዲት ቢራቢሮ ነበረች። ከአበባ አበባ እየዞረች ስትቀስም ትውላለች። የት እንዳደገች ግን አትናገርም።

ያደገችው ሣር ውስጥ ነው። አረንጓዴ ትል ነበረች። ቀን ሣሩ ሥር ትደበቃለች፣ ሲመሽ ወጥታ ቅጠሉን ትቆረጥማለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለች አገዳው ላይ ተንጠልጥላ ክንፍ አወጣች። ክንፉ በደረቀ ማግስት ሁሉንም ረሳችው።

አያ ደገፉ የሚባል ገበሬ ነበር። በየዓመቱ ለቤት ክዳን ሣሩን ሲያጭድ፣ ወሰኑ ላይ ጥቂት ይተዋል። ቢራቢሮዋ ትከሻው ላይ አረፈች።

«አያ ደገፉ፣ ያ የተዉት ሣር ትል አፍርቷል። ሰው ምን ይላል?»

ደገፉ ደግሞ ሰው ምን ይላል ከተባለ ቁርሱንም የሚተው ሞኝ ነው። ማጭዱን ይዞ ሄደና ሙልጭ አድርጎ አጨደው።

ሦስት ቀን ሳይሞላ እንቁላል የመጣያ ጊዜዋ ደረሰ። ወደ አበባ ሄደች።

«ልጆችሽ ሲፈለፈሉ ምን ይበላሉ? እኔን?» አለቻት አበባ።

ወደ ቤቱ ክዳን ሄደች። «እኔ ደርቄያለሁ፤ በረሃብ ያልቁብሻል» አላት ክዳኑ።

በመጨረሻ ማጭድ ያልደረሰበት አንድ ጭብጥ ሣር ከወሰን ድንጋዩ ሥር አገኘች። ከአጨዳው ያመለጠች አንዲት ትል ተቀምጣበታለች።

«እህቴ፣ ቦታ አጋሪኝ፤ ልጆቼ ሊያልቁ ነው።»

«ትል እህት አለሽ እንዴ? እስቲ እዚያ አበባው ላይ ያሉት ንቦች እንዲሰሙ ተናገሪው።»

«ትል ነበርኩ» አለች በሹክሹክታ።

«አልተሰማም።»

«ትል ነበርኩ» አለች ትንሽ ከፍ አድርጋ።

«አሁንም አልተሰማም።»

እንቁላሉ ሊያመልጣት ሲል ጮኸች፤ «ትል ነበርኩ። እናቴም ትል ነበረች። ልጆቼም ትል ናቸው።»

ንቦቹ ሥራቸውን ትተው ሳቁባት። እሷም እያፈረች እንቁላሎቿን በየቅጠሉ አንድ በአንድ ጣለች። ልጆቿ ተረፉ።

ትሏ ጥሩ ፈረደች ብላችሁ ይሆናል። ቆዩ። እሷም በተራዋ ተንጠልጥላ ክንፍ አወጣች። አበባ ላይ ወጥታ ቁልቁል ሣሩን አየችና መጀመሪያ ምን አለች?

«ኤጭ፣ እነዚህን ትሎች ማን ነው እዚህ ያመጣቸው?»

እንግዲህ ልጆች፣ ያሳደጋችሁን አትካዱ፤ ነገ ለልጆቻችሁ ደጁን ትጠኑታላችሁና። ተረቴን ውሰዱት፤ ሣሩን ግን ተዉት።