ከደግ ሰው ቤት የመጣ ገንፎ

ልጅ አዋቂው አፉ ላይ ያላት አንዲት ተረት አለች። ሰው ዕቃ ሲገዛ ትተረትለታለች፣ ሚስት ሲያጭ ትተረትለታለች፣ ዋስ ሁነኝ ሲባልም ትተረትለታለች። ከየት እንደመጣች ግን የሚጠይቅ የለም። የአገር ተረት ባለርስት ስለሌለው፣ ከመኪና በፊትም ነበረች የሚል ቢመጣ አልሟገተውም። የጎሽ ሜዳ ሰው ትርጉሟ በደንብ የገባው ግን ሸማኔው ድንበሩ በመኪና የተገጨ ዓመት ነው፤ ስለዚህ የኛ ናት እንላለን።

የድንበሩ ሚስት ይርገዱ ጠርጣራ ናት። ቅቤ ስትገዛ ከላይ ያለውን አትቀምስም፤ ጣቷን እስከ ታች ሰዳ ነው። እንቁላል ወደ ፀሐይ ሳታነሳ አትገዛም። ጎረቤት «እንደምን አደርሽ?» ሲላት እንኳ «ምን ፈልጎ ይሆን?» ትላለች እያሉ ያሟታል። ባሏ ደግሞ ሰው ከሳቀለት ይበቃዋል። ሁለቱን ያጋባቸው ሰው ሥራውን ያውቃል።

ቅዳሜ ገበያ ነው። ድንበሩ ሠርቶ የጨረሳቸውን ሁለት ጋቢዎች ትከሻው ላይ ጥሎ በእህል ተራ ሲያልፍ፣ ኑግ የጫነ አይሱዙ፣ ከኋላው «ና! ና! በቃ!» የሚል ሰው ሳይቆምለት፣ በኋላ ማርሽ መጣና ቀኝ እግሩን ከመጋዘን ግድግዳ ጋር አጣበቀው። ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ድሩን የሚከፍተው በእግሩ መርገጫ እየረገጠ ነው። ለድንበሩ እግር ማለት ለገበሬ በሬ ማለት ነው።

የመኪናው ባለቤት አቶ አስቻለው ከሱቃቸው እየሮጡ መጡና ድንበሩን አቅፈው አለቀሱ። ትራፊክ ፖሊሱ ሲደርስ «ወንድሜ ነው፣ እኛው ተስማምተናል» አሉት፤ ድንበሩም ከሕመሙ ብዛት የተባለውን ሳይሰማ ራሱን ነቀነቀ። ፖሊሱ ደብተሩን ሳይከፍት ተመለሰ። ከዚያ አቶ አስቻለው «ሐኪም ቤት ከገባህ ይቆርጡታል፤ እኔ ቆሜ አላይም!» ብለው በቤት መኪናቸው ወጌሻው አያ ፈረደ ደጅ አደረሱት። አያ ፈረደም እግሩን በቀርቀሃ ጠፍረው አሰሩት።

ይርገዱ ወሬውን ሰምታ ስትደርስ ሁሉ ነገር አልቆ ነበር።

«ለምን ጤና ጣቢያ አልወሰዳችሁትም?» አለች።

«እናቴ፣ እግሩን ልታስቆርጪው ነው?» አሏት አቶ አስቻለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

ይርገዱ ሰውየው አለቀሱበት የተባለውን ዓይን ስታየው ደርቋል። ቶሎ ደረቀ አለች በሆዷ።

ከማግስቱ ጀምሮ ገንፎ ይመጣ ጀመር። የገብስ ገንፎ፣ መሐሉ በቅቤና በበርበሬ የተሞላ፣ የአቶ አስቻለው ሚስት ወይዘሮ ዘርፌ ራሳቸው እያገነፉ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍነው ይልኩታል። አንድ ቀን አላጓደሉም። ሰፈሩ ተነጋገረበት። «የገጨውን ሰው እንዲህ የሚንከባከብ በየት አገር አለ?» ተባለ። ድንበሩ አልጋው ላይ ሆኖ ጣቱን ሲልስ ኩራት ኩራት ይለው ነበር።

«አየሽ የሰው ደግነት?» ይላታል።

«አያለሁ» ትላለች። «በየማለዳው ይመጣል። እግርህን ግን አንድም ቀን አልጠየቁም።»

«ገንፎው ለእግሬ አይደለም እንዴ?»

«እንጃ። ለአፍህ ይመስለኛል።»

ይስቅባታል። እሷ ግን ማታ ማታ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ የእግሩን ጣቶች ታያለች። ሁለቱ ጠቁረዋል። ስትነካቸው አይሰማውም። ሸማው ጉድጓዱ ላይ እንደተወጠረ አቧራ ለብሷል። ይርገዱ እውነቱን ለመናገር ፈርታለች፤ ባሏ ካልረገጠ ቤቱ እንደማይቆም ታውቃለች።

በሦስተኛው ሳምንት የአቶ አስቻለው ሽማግሌ አቶ ተሰማ ብቅ አሉ። አንደበታቸው ማር ነው፤ ከተማው ውስጥ ሳያስታርቁ የቀሩት ውሻና ድመት ብቻ ነው ይባላል። «እሑድ ሰው ባለበት ዕርቁን እናጽናው። ወረቀቱን እኔ አጽፌዋለሁ፤ አንተ አሻራህን ብቻ ማሳረፍ ነው» አሉት። ድንበሩም «ምን ገዶኝ!» አለ።

«አጽፌዋለሁ» የሚለው ቃል ይርገዱን እንቅልፍ ነሳት። ገና ሳይነጋገሩ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ሐሙስ ዕለት ድር ልገዛ ነው ብላ ወጣችና ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ሄደች። በሩ ላይ፣ በተቀዳደደ ጃንጥላ ሥር፣ ማመልከቻ የሚጽፉ ጋሽ ተካልኝ የሚባሉ ሰው ይቀመጣሉ። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ሐኪም አይቶታል?» አሏት።

«ወጌሻ አይቶታል።»

«የሐኪም ማስረጃ ማለቴ ነው።»

«የለም።»

«ትራፊክ ፖሊስ የአደጋውን ፕላን አንስቷል?»

«ተስማምተናል ብለው መልሰውታል።»

ጋሽ ተካልኝ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ማን ነው እንዲህ አድርጎ የመከራችሁ?»

«ባለመኪናው። በየማለዳው ገንፎ ይልኩልናል።»

«ገንፎማ ይልካሉ! ፍርድ ቤት ገንፎ በማስረጃነት አይቀበልም።» ቀና ብለው አዩዋት። «ስሚኝ። ሾፌሩ በወንጀል ቢጠየቅ እሱ የፖሊስና የዓቃቤ ሕግ ጉዳይ ነው። ካሳው ግን ሌላ መንገድ አለው። መኪና ሰው ከጎዳ ባለቤቱ፣ መሪውን ሌላ ቢይዘውም፣ ይጠየቃል። መኪናው ደግሞ ለዚሁ ብሎ የገባው መድን ይኖራል፤ ሦስተኛ ወገን የሚሉት ያንቺን ባል ነው። በዕርቅ መጨረስም ይቻላል፤ ዕርቅ ነውር የለውም። ግን ‹ሁሉን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ አልጠይቅም› ብሎ ከፈረመ፣ ያንን በር ለማስከፈት አበሳሽን ነው የምታዪው። ዝም ብላችሁ ሁለት ዓመት ብትቆዩም ይዘጋል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጂው።»

ይርገዱ አልተነሳችም። ጃንጥላውን አየች፣ ጫማቸውን አየች።

«እርስዎ ይሄን ሁሉ በነፃ የሚነግሩኝ ለምንድን ነው?»

«ክሱን ስትመጪ እኔ እንድጽፈው ነዋ! እንጀራዬ ነው!»

ይህ መልስ ደስ አላት። በሦስት ሳምንት ውስጥ ጥቅሙን ሳይደብቅ የነገራት የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ነበሩ።

ቤቷ ገብታ ለድንበሩ ስትነግረው ግን ቤቱ በቁጣ ተሞላ።

«ሽማግሌ የላከብኝን ሰው ልክሰስ? ገንፎውን በልቼ?»

«ክሰስ አላልኩህም። ወረቀቱን ሰው ያንብብልህ፤ እግርህን ሐኪም ይየው።»

«አቶ ተሰማን ጠርጥሬ ነው ሰው የማስነብበው? ከዚያ በኋላ በየት አደባባይ ልቆም ነው?»

«መቆሚያው እግርህ ካለ አይደል?» አለችው።

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እሷም ወጥታ ከጎረቤታቸው ከአያ መኩሪያ ደጅ ተቀምጣ አለቀሰች። አያ መኩሪያ በወጣትነታቸው አጥቢያ ዳኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። «እሑድ እኔም ተጠርቻለሁ፤ መነጽሬን ይዤ እመጣለሁ» ብቻ አሏት። እሳቸውንም ማን ጠራቸው ብላ ጠረጠረች፤ ግን ዋጠችው።

እሑድ ቤቱ ሞላ። አቶ አስቻለው ነጭ በነጭ ለብሰዋል። ወይዘሮ ዘርፌ ገንፎውን በራሳቸው እጅ ይዘው መጡ። አቶ ተሰማ ወረቀቱን ከደረት ኪሳቸው አወጡና የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች፣ ስለ ወንድማማችነትና ስለ ፍቅር የሚሉትን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። የቀረውን «እንግዲህ የተለመደው ነው» ብለው አጠፉት። የአሻራውን ቀለምም ከፈቱ።

«በፊት ይቅመስ እንጂ፣ ሳይበርድ!» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ።

ድንበሩ ጎረሰ። ሁለተኛውን ሲጎርስ «አህ!» ብሎ አገጩን ያዘ። ከድዱ ደም መጣ። ጣቱን ሰዶ ጎትቶ ቢያወጣው ግማሽ ጣት የሚያህል ስንጥር ነው።

«ኧረ በእናቴ ሞት!» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ። «ዱቄቱን ሦስት ጊዜ ነው የነፋሁት! ራሴ ነኝ ያገነፋሁት! ከማማሰያው ተሰንጥሮ ይሆናል እንጂ…»

ሰው ሳቀ። አቶ ተሰማም ከሁሉ በላይ ሳቁና «ይሄማ ምን አለው፤ በል ና፣ አውራ ጣትህን» አሉ።

ድንበሩ ግን አልሳቀም። ስንጥሩን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላበጠው። ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ነው፤ ሲገባው ግን ይገባዋል።

«እመቤቴ፣ መኖሩን ያውቁ ነበር?»

«በጭራሽ!»

«አምናለሁ። እርስዎ በእጅዎ ሠርተውት፣ ሦስቴ ነፍተውት፣ ውስጡ ያለውን አላወቁም።» ደሙን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ታዲያ እኔ ያልጻፍኩት ወረቀት ውስጥ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

ይርገዱ ወደ ባሏ አልጋ ጠጋ አለች።

«እኔን ተጠራጠርከኝ?» አሉ አቶ ተሰማ። «ሽማግሌ ይጠረጠራል?»

«አይቆጡ፣ አባቴ። አያ መኩሪያ ያንብቡልኝና አሻራዬ የትም አይሄድ።»

አቶ ተሰማ ወረቀቱን ወደ ኪሳቸው ሊመልሱ ሲሉ የአያ መኩሪያ እጅ ቀደመ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አጥልቀው ከሦስተኛው መስመር ጀመሩ። «…ከመኪናው ኋላ እንዳይቆም በተደጋጋሚ ሲነገረው እምቢ ብሎ በራሱ ጥፋት የተጎዳ መሆኑን በማመን…» ድንበሩ ቀና አለ። «…ለሕክምናና ለልዩ ልዩ ወጪ የሚገባኝን ሁሉ ሙሉ በሙሉ ተቀብዬ፣ ከእንግዲህ ባለንብረቱንም ሆነ ሾፌሩን ወይም የመድን ድርጅቱን በማናቸውም ፍርድ ቤት ላልጠይቅ…»

«የተቀበልኩት ገንፎ ነው» አለ ድንበሩ።

አቶ አስቻለው ተነሥተው ወጡ። ወይዘሮ ዘርፌ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያለቀሱት ከልባቸው ነው፤ ገንፎው ለምን ይላክ እንደነበር እሳቸውም የገባቸው ያኔ ነው። ይርገዱ የማንንም እንባ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። «ቃሬዛ!» አለች። ጎረቤት ተሸክሞት በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ሆስፒታል ደረሰ። ሐኪሙ ራጁን አይቶ ሁለቱን ጣቶች ማዳን እንደማይቻል፣ እግሩን ግን ለጥቂት እንደደረሱበት ነገራት። የሐኪሙን ማስረጃ ተቀብላ በጡቷ ሥር ሸጎጠችው፤ ለሌላ ሰው ለማሳየት እንኳ አልለቀቀችውም።

ጋሽ ተካልኝ ክሱን ጻፉ። ነገሩ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ለምስክር ተቀጠረ። የባለመኪናው ጠበቃ «እግሩን ያበላሸው ወጌሻው እንጂ መኪናው አይደለም» ብሎ ተከራከረ። ይርገዱ ከሁሉ አብልጣ የጠረጠረችው ወጌሻውን አያ ፈረደን ነበር፤ ተገዝቷል ብላ ምላ ነበር። አያ ፈረደ ግን ቆመው «ሲያመጡልኝ አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ይሄ የኔ አቅም አይደለም፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት ብዬ ለአቶ አስቻለው ነግሬአለሁ። አንተ ዝም ብለህ እሰር አሉኝ» አሉ። ይርገዱ አፈረች፤ በኋላም ሄዳ ጉልበታቸውን ስማ ይቅርታ ጠየቀቻቸው።

ፍርድ ቤቱ ባለቤቱና መድን ሰጪው የሕክምናውንም፣ ድንበሩ ሥራ የፈታበትንም፣ ለወደፊት የሚጎድልበትንም እንዲክሱ ፈረደ። ይርገዱ የውሳኔውን ግልባጭ ለሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ለየብቻ አስነብባ አንድ ዓይነት መሆኑን ሳታረጋግጥ እልል አላለችም። ድንበሩ እያነከሰ ነው የሚሄደው፤ ግን ይረግጣል፤ ሸማው ይሠራል።

ፍርዱ በተነገረ ዕለት አቶ ተሰማ የችሎቱ በር ላይ አያ መኩሪያን አስቆሟቸው። ሰው ከብቧቸዋል።

«እንግዲህ ደስ ይበልዎት» አሉ። «ሽማግሌ ተዋረደ፤ የስንት ቀን ውለታ ተረሳ። እንደዚያ ልሞ የቀረበ ነገር ተጠርጥሮ ከዚህ ወዲያ ማን ማንን ያምናል?»

አያ መኩሪያ መልሱን ለአቶ ተሰማ አልሰጡም፤ በምርኩዛቸው ተደግፈው፣ በር ላይ ወረቀታቸውን ይዘው ተራ ወደሚጠብቁት ባለጉዳዮች ዞሩና «ልጆቼ፣ እመኑ፤ ግን አንብባችሁ እመኑ፤ ለዚህ ነው ሰው ‹ጠርጥር፣ ገንፎ ውስጥም አለ ስንጥር› የሚለው!» አሉ።